ለሰው ልጅ የሚቆረስ እንጀራ

ጠዋት ወደ ሥራ ስትጣደፉ ወይም ልጆቻችሁን ለትምህርት ቤት ስታሰናዱ፣ ከደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል የልጅ ድምፅ ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። ዛሬ በከተማ እየራቀ የሄደ ድምፅ ነው። በሰማችሁት ጊዜ ምን አደረጋችሁ? አንዳንዶቻችን ከመሶብ ቁራሽ አንሥተን ሰጥተናል፤ አንዳንዶቻችን «እግዜር ይስጥህ» ብለን በሩን ገርበብ አድርገናል። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ።

አያቴ ግን ሁለት ምርጫ አልነበራቸውም። አያቴ የጋይንት ሴት ነበሩ። የበኩር ልጃቸው፣ ማለት የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ በ9 ዓመቱ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቦ ትምህርት ፍለጋ ከቤት ወጣ። መጀመሪያ ንባብ ቤት ነው ተባለ፤ ቀጥሎ ድጓ ቤት ገባ የሚል ወሬ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ተቋረጠ። አያቴ በቀረው ዘመናቸው ሁሉ የቆሎ ተማሪን ከደጃቸው ባዶ እጁን መልሰው አያውቁም። በክፉ ቀን እንኳ ለራሳቸው ከሚያስቀሩት ይቆርሱ ነበር። እናቴ በልጅነቷ «እኛስ ምን ልንበላ ነው?» ብላ ስታጉረመርም፣ «የኔንም ልጅ እንዲህ የምታበላው ሴት አለች» ይሏት እንደነበር ነግራናለች።

ይህን ቃል ስሰማ አድጌ፣ በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ ያቺን ሴት ፍለጋ ወደ ጋይንት ሄድኩ። ያረፍኩት በታች ጋይንት፣ በቅድስት ቤተልሔም ነው።

መንገዱን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲሄዱ ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። ከዚያ እስከ ወልዲያ የሚዘልቀውን መንገድ የአገሩ ሰው «የቻይና መንገድ» ይለዋል፤ በደርግ ዘመን ቻይናውያን ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር የሠሩት ነው። ደብረ ታቦርን፣ ክምር ድንጋይንና ጋሳይን እያለፈ የጉናን ተራራ ታክኮ ያልፋል። የጉና ጫፍ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ከተራራው የሚወርዱት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይሄዳሉ፤ በጋይንት በኩል የሚወርደው ውሃ ግን ጣናን አያይም፤ በበሽሎ በኩል ዞሮ ከዓባይ ይቀላቀላል። ብርዱ በጥር ፀሐይ እንኳ አጥንት ይሰረስራል። ነፋስ መውጫ ከተማ ስትደርሱ ስሟን ያወጣላት ሰው እንዳልዋሸ ትረዳላችሁ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፋቸውን ከጋፋት ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ በጋይንት በኩል፣ በጨጨሆ ገደል መንገድ እያስጠረቡ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. ከ1867 እስከ 1868 ነበር። የታሪክ መጻሕፍት ስለ መድፉ ክብደትና ስለ ገደሉ ጥልቀት ብዙ ይነግሩናል። ለዚያ ሁሉ ጎታች ስንቅ ስለ ፈጩትና ስለ ጋገሩት ሴቶች ግን የሚሉት ጥቂት ነው።

በነፋስ መውጫ ቡና የቀዳችልንን ሴት ስለ ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጠየቅኋት። ጀበናውን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች፤ ሌላ ልጅ ናት መጥታ የቀዳችልን። በዚያ ወር የሕወሓት ተዋጊዎች ከተማዋን ለቀናት ይዘዋት ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ በተዋጊዎቹ ተደፈርን ያሉ 16 የከተማዋን ሴቶች ቃል መዝግቧል። ጥያቄዬ በቡና መካከል የሚጠየቅ እንዳልነበረ የገባኝ ከተነሣሁ በኋላ ነው። እናንተም በዚያ በኩል ብታልፉ፣ ሴቶቹ ራሳቸው ካላነሡት እንዳታነሡባቸው እለምናችኋለሁ።

ከነፋስ መውጫ ወደ ደቡብ ወደ ታች ጋይንት ስትወርዱ አየሩ እየሞቀ፣ ገብሱ በጤፍና በማሽላ ቃርሚያ እየተተካ ይሄዳል። አፈሩ ተጠርጎ ድንጋዩ የቀረበት ጎን ብዙ ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ የሴፍቲኔት መርሐ ግብር በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ጀምሮ የታቀፉ ወረዳዎች ናቸው፤ ማለትም ምርታቸው ዓመቱን ሙሉ የማያዘልቃቸው ብዙ ቤተሰቦች አሉባቸው። በመንገድ ዳር እርከን ሲሠሩ ካየኋቸው ውስጥ ብዙዎቹ ልጅ ያዘሉ ሴቶች ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ቀጥዬ ስለ እንጀራ ስለማወራ ነው።

ቤተልሔም ስትደርሱ «ይኸ ነው?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ከሩቅ የሚታየው በዛፍ የተከበበ፣ እንደ ማንኛውም የአገር ቤት ቤተ ክርስቲያን ክብ የሆነ ሕንፃ ነው። ነገሩ ያለው ከውስጥ ነው። ክቡ ሕንፃ ሽፋን ሲሆን በውስጡ ሌላ ቤተ ክርስቲያን አለ። ይኸኛው ማዕዘን ያለው፣ ርዝመቱ ከወርዱ የሚበልጥ፣ በተጠረበ ድንጋይና በእንጨት የአክሱም ዘመንን አሠራር ተከትሎ በመካከለኛው ዘመን የታነፀ ነው። ደብረ ዳሞን ወይም ከላሊበላ ወዲያ ያለውን ይምርሐነ ክርስቶስን ያያችሁ ዝምድናውን ትለያላችሁ። እናት ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልላ ከብርድ እንደምትጋርድ፣ የኋለኞቹ ሰዎች ጥንታዊውን ቤት በክብ ቤት ጠቅልለው ከዝናብ ጋርደውት ኖረዋል። ድንጋዩ እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ሽፋን ነው።

በውጭው ዓለም የተሰማው በአንድ ወጣት መንገደኛ ነው። ቶማስ ፓከናም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1955 ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ እንደወጣ ወደ አገራችን መጣ። ዋና ፍለጋው የነገሥታት ልጆች ይታሰሩበት የነበረው የወኅኒ አምባ ነበር። ጋይንት ሲደርስ በሣር ክዳኑ ክብ ቤት ውስጥ ይህን ጥንታዊ ሕንፃ አየ፤ እ.ኤ.አ. በ1959 በታተመው የጉዞ መጽሐፉም ጻፈው። ከዚያ ወዲህ የሕንፃ ታሪክ አዋቂዎች ደጋግመው ጠቅሰውታል። «አገኘው» ሲሉ ግን ፈገግ ያሰኛል። ካህናት ሲቀድሱበት፣ እናቶች ልጆቻቸውን ክርስትና ሲያስነሡበት የኖረ ቤት ጠፍቶ አያውቅም።

ለአገራችን ሰው ቤተልሔም የምትታወቀው በድንጋዩዋ ሳይሆን በድጓዋ ነው። ድጓ የዓመቱ በዓላትና ሰንበታት ሁሉ የሚዘመሩበት ታላቁ የዜማ መጽሐፍ ነው። በ6ኛው መቶ ዘመን በአክሱም እንደነበረ የሚነገርለት ቅዱስ ያሬድ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ዜማ እንደ ደረሰው ይታመናል። ከቃሉ በላይ የሚጻፉት ጥቃቅን የዜማ ምልክቶች የተሠሩት ደግሞ በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በተባሉ ሊቃውንት እንደሆነ ይነገራል። የእነሱ ደብር ተድባበ ማርያምም ሩቅ አይደለችም፤ ከበሽሎ ማዶ በሳይንት ናት። ድጓ እንደየአገሩ ስልት አለው፤ የአጫብር አለ፣ የቆማ አለ፣ የተጉለት አለ፤ ከሁሉ በላይ የተስፋፋው የቤተልሔም ነው። ድጓን በሌላ ቦታ የተማረ ሰው መምህር ልባል ቢል እዚህ መጥቶ ያስመሰክራል። ለዝማሬና ለመዋሥዕት ደግሞ በዚሁ አካባቢ ያለችው ዙር አምባ አለች። አቋቋምን የፈለገ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ጎንደር ይሄዳል። አንድ ልጅ ይህን ሁሉ ሲዞር ጢም ያበቅላል።

ተማሪው ትምህርቱን በቃሉ ይይዛል፤ የራሱንም ድጓ በገዛ እጁ ይጽፋል። ከእስቴ፣ ከስማዳ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ የመጡ ልጆችና ጎልማሶች በትናንሽ ጎጆዎች ተሰባስበው ይኖራሉ። ለትምህርቱ ለመምህሩ የሚከፍሉት ገንዘብ የለም። ምግባቸው ከየደጁ የሚለምኑት ቁራሽ ነው። የተረፈውን በፀሐይ ያደርቁታል፤ በክፉ ቀን በውሃ አርሰው በበርበሬ ይበሉታል።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ።

ያረፍኩባቸው ወይዘሮ ዕድሜያቸው ከ50 ያልፋል። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ከእሳቸው ጋር አንዲት 14 ዓመት የሆናት ልጃቸው፣ አንድ የልጅ ልጅና አንዲት ዘመድ ይኖራሉ። ሌሊት ዶሮ ሲጮኽ ነቃሁ። ሁለት ድምፅ ይሰማ ነበር። አንደኛው ከተማሪዎቹ ጎጆ በኩል የሚመጣው የዜማ ቅጸላ ነው፤ በጨለማ፣ ያለ መብራት፣ አንዱ ሲያነሣ ሌላው ሲቀበል። ሁለተኛው ከጓዳ የሚመጣ ነው፤ ኩበት ሲሰበር፣ ምጣድ በጎመን ዘር ሲታሰስ፣ ሊጡ ምጣዱ ላይ ሲያርፍ ሽው ሲል። ሁለቱ ድምፆች አንድ ሰዓት ይጀምራሉ፤ አንዱ ካለሌላው አይሆንም።

የወጣውን እንጀራ ቆጠርኩ። 17 ነው። የቤቱ ሰው 4 ነው። በመጨረሻ ከተራረፈው ሊጥ እንጎቻ ጋገሩ። እናንተ እንደምታውቁት እንጎቻ ለቤት ልጅ የምትጋገር ትንሽ እንጀራ ናት። ለልጅ ልጃቸው መስላኝ ነበር።

«ለትንሹ ተማሪ ናት» አሉኝ።

«የትኛው ትንሹ ተማሪ፣ እማማ?»

«የስማዳው። ጥርሱን እየነቀለ ነው። ደረቅ እንጀራ ያመዋል።»

ጀንበር ከፍ ስትል ተማሪዎቹ መጡ። የውሻው ጩኸት፣ የልጆቹ ልመና፣ የወይዘሮዋ ምርቃት ተደበላለቀ። 5 ተማሪዎች ተሰጣቸው። ትንሹ እንጎቻውን ተቀብሎ አኮፋዳው ውስጥ ሳይከት ከደበሎው ሥር ከደረቱ አስጠጋው፤ ትኩስ ስለነበረች እየሞቃት መሰለኝ። 10 ዓመት ቢሆነው ነው። እኔም በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ አለኝ። ካልቀሰቀስኩት አይነሣም፣ ካላጎረስኩት አይበላም።

ወይዘሮዋ ለምን እንደሚሰጡ ጠየቅኋቸው። በጥያቄዬ ግራ ተጋቡ። ሁለት ወንዶች ልጆች እንዳሏቸው፣ አንደኛው ባሕር ዳር የቀን ሥራ እንደሚሠራ፣ ሁለተኛው ግን ቅኔ ሊማር ወደ ጎጃም ከሄደ 4 ዓመት እንደሆነው ነገሩኝ። «ወሬው መጥቶ ያውቃል?» አልኳቸው። «አንድ ጊዜ ሰው አይቼዋለሁ አለ» ብለው ሊጥ የነካ እጃቸውን በቀሚሳቸው አበሱ። የአያቴን ቃል እንዲያው ቃል በቃል አልተናገሩትም። መናገርም አላስፈለጋቸውም።

እዚህ ላይ፣ ውድ እህቶቼ፣ ከእኔ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። «ልጅን በ9 ዓመቱ ለልመና መስደድ ምን ትምህርት ነው?» የምትሉ አላችሁ። እኔም እዚያው ቆሜ ብያለሁ። ልጅ በእናቱ ቤት አድሮ ቀን ፊደልንም ድጓንም ቢማር ምን ይጎዳል? እከክ፣ ብርድ፣ የውሻ ንክሻ የዜማ አካል አይደሉም። በሌላ ወገን ደግሞ፣ ይህን ያህል ዜማ ለዘመናት ጠብቆ ያቆየ ትምህርት ቤት፣ ያለ በጀት፣ ያለ ወጥ ቤት፣ በእናቶች ምጣድ ብቻ ሲተዳደር ማየት ዝም ያሰኛል። ልጆቹ ራሳቸው «ስደት» ነው የሚሉት፤ ሲሉትም በኩራት ነው። ክርክሩን እዚህ አልጨርሰውም።

ከቁርስ በኋላ ልጅቷ ውሃ ልትቀዳ ስትነሣ አብሬያት ወረድኩ። ወይዘሮዋም ልብስ ይዘው ተከተሉን። ወንዙ ከመንደሩ በታች ነው። በጥር ውሃው ቀጥኖ በድንጋይ መካከል ያዘግማል። በክረምት ግን አፈሩን ተሸክሞ ወደ በሽሎ ሲወርድ ድምፁ እስከ መንደሩ ይሰማል አሉ። ታች ከብቶች ይጠጣሉ፣ መካከሉ ላይ ልብስ ይታጠባል፣ ከላይ ይቀዳል። ሥርዓት አለው።

ወይዘሮዋ ከድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከመቀነታቸው ጫፍ አንዲት ወረንጦ ፈቱ። ልጃቸው ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙራ፣ የዓይናቸውን ቆብ ገልብጣ ሽፋሽፍቱን መንቀል ጀመረች። እንደ ፀጉር መሥራት ያህል የለመደችው ሥራ ነው። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ስሙን ታውቁታላችሁ፤ ትራኮማ ነው። ደቡብ ጎንደር በሽታው እጅግ ከጠናባቸው የአገራችን አካባቢዎች አንዱ ሆኖ ኖሯል። በልጅነት የዓይን ኢንፌክሽኑ ይይዛል፤ ይድናል፤ ደግሞ ይይዛል። በተደጋገመ ቁጥር የዓይን ቆብ ከውስጥ በኩል ጠባሳ ያበጃል። ጠባሳው እየተኮማተረ ቆቡን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል። ያን ጊዜ ሽፋሽፍት በእያንዳንዱ ርግብታ የዓይንን ብሌን ይፍቃል። ሕመሙ አሸዋ በዓይን ውስጥ ይዞ መኖር ማለት ነው፤ ካልታከመ መጨረሻው መታወር ነው። የሚተላለፈው በእጅ፣ በጨርቅና ከዓይን ወደ ዓይን በምትዘል ዝንብ ነው። ሴቶችን ከወንዶች ይልቅ የሚያጠቃውም ተፈጥሯችን ተለይቶ አይደለም። የሕፃኑን ዓይን በነጠላዋ ጫፍ የምትጠርገው፣ በዚያው ነጠላ የራሷን የምታብሰው፣ ከልጆች ጋር የምትውለውና የምታድረው እናት ስለሆነች ነው።

መድኃኒት የሌለው በሽታ ግን አይደለም። የተቀለበሰው ቆብ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይቃናል፤ በማደንዘዣ፣ በሠለጠነ ነርስ፣ በአጭር ጊዜ ተጠናቆ ሰውየው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዚትሮማክስ የተባለው መድኃኒት በዘመቻ ለሕዝቡ በሙሉ ይታደላል። የቀረው ፊት መታጠብና መጸዳጃ ቤት መሥራት ነው። የክልሉ ጤና ቢሮና የካርተር ማዕከል በዚህ ሥራ ከ20 ዓመት በላይ አብረው ቆይተዋል። ሌሎች አገሮች ተላቅቀውታል፤ ሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ጋና እ.ኤ.አ. በ2018 ትራኮማን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን ማስወገዳቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጦላቸዋል።

«እማማ፣ ለምን አልታከሙም?» አልኳቸው።

«ሁለት ጊዜ ስሜን ጽፈውኝ ነበር፣ ልጄ። ዓይኔን አሽገውት ስመለስ ማን ይጋግራል? እሳት አትይ ይሉሻል አሉ።»

ልጅቷ ወረንጦውን እንደያዘች «እኔ አልጋግርም እንዴ?» አለች። እናትየዋ ዝም አሉ። ልጅቷ 7ኛ ክፍል ናት፤ ሌሊት ከተነሣች በክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች፤ እናትየዋ ይህን ያውቃሉ። ቀዶ ሕክምናው ነጻ ነው ብለን በሬዲዮም በጋዜጣም እንናገራለን። ምጣዱን የሚረከብ ሰው ግን አብሮ አይላክም። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ራሴ ስለ ትራኮማ በጻፍኩባቸው ጊዜያት ይህ ጥያቄ አልታየኝም ነበር።

ስለዚህች ልጅ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ባልፍ ቅር ይለኛል። እንስራውን ሞልታ አዝላ ዳገቱን ስንወጣ በለሆሳስ ታንጎራጉር ነበር። ዘፈን መስሎኝ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ዘፈን አይደለም፤ ሌሊት የሰማሁት የተማሪዎቹ ዜማ ነው። ከተወለደች ጀምሮ በአጥር በኩል ስትሰማው አድጋ ቃሉንም ስልቱንም ይዛዋለች። «ማን አስተማረሽ?» ብላት አፍራ ዝም አለች። ለእሷ ጎጆ የሚቀልስላት የለም። በጎጃም ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔ ተምረው ወንዶች ሊቃውንትን ያስተማሩ ሴት እንደነበሩ ብነግራት ቆም ብላ አየችኝ። «ሴት ናቸው?» አለች። እንደገና ጠየቀችኝ፤ እንደገና መለስኩላት። በክፍሏ ከነበሩት ሴቶች ልጆች ሁለቱ ለባል እንደተሰጡም ነገረችኝ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ያደረገ መሆኑን፣ ክልሉም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ ማውጣቱን ከእኔ ይልቅ እሷ አሳምራ ታውቀዋለች፤ በትምህርት ቤት ተምራዋለች።

ከሰዓት በኋላ በእርጅና ያረፉ አንድ መምህር ዘንድ ሄድኩ። ስለ አጎቴ ልጠይቅ ነው። ከግንዱ ላይ እንደተቀመጡ የተነሣበትን አገርና ዘመኑን ነገርኳቸው።

«ስሙ ማን ይባላል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሳቁ።

«የቤት ስሙን እዚህ ማን ያውቀዋል፣ ልጄ? ተማሪ በአገሩ ነው የሚጠራው። ከጎጃም የመጣው ጎጃሜ ነው፤ ከስማዳ የመጣው ስማዴ ነው።»

«እንግዲያስ አጎቴ፣ የኔታ?»

«ከጋይንት ወጥቶ ከሄደ ጋይንቴ ነዋ። በየአገሩ ስንት ጋይንቴ እንዳለ ታውቂያለሽ?»

አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ ስም ሲጠይቁ የኖሩት ልጅ፣ በዚያ ስም የሚያውቀው ሰው በሄደበት ሁሉ አልነበረም። ይህን የሚያክል ቀላል ነገር በቤታችን ማንም አልነገራቸውም። መምህሩ አጽናኑኝ፤ ምናልባት አንድ ቦታ መምህር ሆኖ፣ አግብቶ ወልዶ ይሆናል አሉ። ምናልባትም አይደለም። በዘመኑ ተስቦውም ወንዙም ብዙ ተማሪ ወስዷል።

በማግሥቱ ጠዋት ትንሹን ተማሪ ጠበቅሁት። ስማዴ ይሉታል። እንጎቻውን ከተቀበለ በኋላ የቤት ስሙን ጠየቅሁት፤ እያመነታ ነገረኝ። የእናቱን ስም፣ የቀበሌውን ስም፣ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያኑን ስም በማስታወሻዬ ጻፍኩ። ስልክ ቁጥር የሚባል አያውቅም። «እናትህ የት እንዳለህ ታውቃለች?» ስለው ራሱን ነቀነቀ። ስመለስ ነፋስ መውጫ መናኸሪያ ላይ ወደ ስማዳ፣ ወደ ወገዳ ከሚሄድ መኪና ረዳት ጋር ወረቀት ላክሁ። «የዚህ አጥቢያ ሰው ካገኘህ ስጥልኝ» አልኩት። ኪሱ ውስጥ ሲከተው አየሁ፤ ከዚያ በላይ ተስፋ አላደረግሁም።

አንባቢ እህቴ፣ በከተማም ቢሆን እንዲህ ያለ ልጅ ከደጅሽ ቢቆም፣ ቁራሹን ከመስጠትሽ በፊት አንድ ጣሳ ውሃ አፍስሺለትና ፊቱን ይታጠብ፤ ትራኮማም እከክም ውሃ ይፈራሉ። የራስሽን ልጅ ፎጣ ግን አታውሺው፤ በፀሐይ ይድረቅ። የደረቀ እንጀራ ከመስጠት በዕለቱ የተጋገረ ቢሆን ይሻላል፤ ሽሮም ቢሆን ትኩስ ጠብ ቢደረግበት ለሚያድግ ልጅ ብዙ ነው። ከሁሉ በላይ የቤት ስሙንና የእናቱን ስም ጠይቂው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በዚህ ዘመን ብዙ ቀበሌ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው ስልክ ይዟል። ልጅሽን ለአብነት ትምህርት የምትልኪ እናትም ከሆንሽ፣ ስሙን፣ አገሩንና የአንድ ዘመድ ስልክ ቁጥር በጨርቅ ጽፈሽ ከደበሎው ውስጥ ስፊለት። ክታብ የሚሰፋለት ልጅ ይህ አይከብደውም።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ከማላውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለልኝ። ልጅቷ ናት። ከጎረቤት ስልክ ነው የደወለችው፤ እየተጣደፈች ነበር። እናቷ በዘመቻው ቀን ሄደው ቀኝ ዓይናቸውን ተሠርተዋል። ሳምንት ያህል የጋገረችው ዘመዳቸው ናት፤ እሷም ትምህርት አልቀረችም። ግራውን ከክረምት በኋላ ይሠሩልሻል ተብለዋል።

«ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ እትዬ» አለችኝ። «ከስማዳ አንዲት ሴት መጣች። የትንሹ ተማሪ እናት። ወረቀት ይዛ ነው የመጣችው። ሁለት ቀን እኛ ቤት አደረች።»

«ልጁን ይዛው ሄደች?»

«አልሄደም። እሱ አልሄድም አለ፣ እሷ አለቀሰች፣ እናቴም አለቀሰች። በኋላ ተነሥተው አብረው ጋገሩ። በአንድ ምጣድ።»

ልጠይቃት የፈለግሁት ብዙ ነበር፤ የጎረቤቷ ሂሳብ አለቀና ስልኩ ተቋረጠ። ክረምቱ ሳይወጣ በክልሉ ግጭት ተቀሰቀሰ። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ደውዬበታለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጠርቶ ነበር፣ ያነሣው ግን የለም። የግራ ዓይናቸው ተሠርቶ እንደሆነ እስካሁን አልሰማሁም።